የቅጠሉ ወዝ

የክር ፋብሪካው ሠራተኞች «ሳሙና» እያሉ ነው የሚጠሯት። ስሙን ያወጣላት የመፍተያ ክፍሉ መካኒክ ነው፤ «በአንድ ፈረቃ ዘጠኝ ጊዜ ስትታጠብ ቆጥሬያለሁ» ይላል። እሷም አልተቀየመችውም። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ግማሹን ዕድሜዋን ያሳለፈችው እዚያው ክፍል ቆማ፣ ጥጥ በሮለሮች መሀል እየተጨመቀ ሲቀጥን፣ ሲጠመዘዝና ክር ሲሆን እያየች፣ የተበጠሰውን እየቀጠለች፣ ሮለሮቹን እየወለወለች ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፤ ቤቷ የገባ እንግዳ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይጨንቀዋል።

ይህ ሁሉ ጽዳት ግን ከመቀፈፍ የመጣ ነው። ብዙ ነገር ይቀፋታል፤ የሁሉ አውራ ግን ነፍሳት ናቸው። ትንኝ ሻይዋ ውስጥ ከገባ ሻዩን ደፍታ አትተውም፣ ብርጭቆውንም ለሰው ትሰጣለች። ልጅ ሳለች ቤተሰቦቿ ጥጥ ያመርቱ ነበር። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እሷና ታላቅ ወንድሟ ጣሳ ይዘው ከጥጡ ፍሬ ውስጥ ጓይ ትል ይለቅማሉ። ትሉ ፍሬውን ቦርቡሮ ይገባና እርጥብ ቆሻሻውን ከኋላው ቀዳዳው አፍ ላይ ይከምረዋል። ያንን ጠርጎ፣ ጣት አስገብቶ መጎተት ነው። አንዳንዱ ይወጣል፤ አንዳንዱ እዚያው ጣት ላይ ይፈርጣል። ሳሙና ያኔ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሆና፣ ምሳ ቀርቦ እጇን እያየች ታለቅስ ነበር። ዕድሜዋ ለሥራ እንደደረሰ ጨርቄን ማቄን ሳትል ፋብሪካ ገባች። ወንድሟ መሬቱ ላይ ቀረ።

ከሦስት ዓመት በፊት ታዲያ አንድ ወሬ ፋብሪካው ደረሰ። ዘረመሉ የተለወጠ ጥጥ መጥቷል፤ ትሉ ቅጠሉን በቀመሰ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ድርቅ ብሎ ይሞታል ተባለ። ሳሙና የሰማች ዕለት በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆማ ለወንድሟ ደወለች።

«ጋሼ፣ ትል የሚገድል ጥጥ መጣ አሉ! ዘንድሮውኑ ዝራው!»

«ጥጥ ነው ወይስ ወታደር?» ብሎ ሳቀባት።

«አትሳቅ። እኔ እዚያ ማሳ ውስጥ ስንት ትል እንደጨፈለቅኩ አንተ ታውቃለህ። ዝራው ብያለሁ፣ ዝራው።»

ዘራው። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬው አንድ ቀዳዳ ሳይኖርበት ተከፈተ። ወንድሟ በየሳምንቱ እየደወለ ያሞግሳት ጀመር፤ እሷም ነገሩን እንደ ራሷ ግኝት ቆጥራ ለመካኒኩ ስታወራለት ከረመች።

ጉዱ የመጣው መጋዘን ውስጥ የከረመው የሁለተኛው ዓመት ጥጥ ፋብሪካ ሲደርስ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ማሽኑን ካስነሳች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ጥጡ ወደፊት ማለፉን ትቶ ሮለሩ ላይ መጠምጠም ያዘ። አንዱን ስታላቅቅ ሌላው ይጠመጠማል። ማሽኑን አቁማ በጣቷ ነካችው። ይጣበቃል። ጣቷን ስታነሳ ከሮለሩ ላይ ቀጭን ልጋግ የመሰለ ነገር ተከትሏት ተሳበ።

«ማነው እዚህ ለስላሳ ይዞ የገባው?» ብላ ጮኸች።

ማንም አልገባም። መካኒኩ መጣ፤ ሮለሩን አሸተተው፣ በጥፍሩ ፋቀው፣ ፊቱን አጨማደደ። «ስኳር ነገር ነው» አለ።

«ጥጥ ውስጥ ስኳር ምን ይሠራል? ቀልድህን ተወኝ።»

«ካላመንሽ ቅመሺው።»

ሳሙና በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። ያን ዕለት ግን ንዴቱ አሳወራት፤ ሰውዬው ደጋግሞ ሳይስቅባት አፉን ላስይዘው ብላ የጣቷን ጫፍ ምላሷ ላይ አስነካችው። እውነትም ይጣፍጣል።

የጥራት ክፍሉ ኃላፊ ከጥጡ ቆንጥሮ ወስዶ፣ በጋለ ብረት ተጭኖ አይቶት ተመለሰ። ነገር አይደብቅም፣ አያለሰልስምም። «የነፍሳት ዓይነ ምድር ነው» አላቸው፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ። «ክሽክሽ አለ፣ ነጭ ዝንብ አለ። ቅጠሉ ላይ ተለጥፈው የተክሉን ፈሳሽ ሲመጥጡ ይውላሉ። ፈሳሹ ስኳር ይበዛበታል፤ ሆዳቸው የማይችለውን ከበስተኋላቸው ያንጠባጥቡታል። ከሥር የተከፈተ ጥጥ ካለ እሱ ላይ ያርፋል። ይኸው እኛ ጋ ደረሰ።»

ሳሙና የመጨረሻውን ቃል አልሰማችም፤ መታጠቢያ ቤት ገብታለች። አፏን ተጉመጠመጠች፣ ምላሷን በፎጣ ፈተገች፣ የሆዷን ሁሉ አወጣች፣ እንደገና ተጉመጠመጠች። ከዚያን ቀን በኋላ ለስምንት ቀን ሻይ ያለ ስኳር ጠጣች። ጣፋጭ የሚባል ነገር ሁሉ ከአንዲት ትንሽ ቂጥ ሲንጠባጠብ ይታያት ነበር። መካኒኩ እንኳ፣ ያ አፈኛ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቀና ብሎ አላያትም።

ፈረቃ መሪውን በበኩሉ ያናደደው ሌላ ነገር ነበር። ማሽኖቹ ቆመዋል። የጥጥ ጥቅሎቹን ልባስ እያገላበጠ ሲያይ ሁሉም ጥጥ ከዘሩ የሚለይበት የአንድ መዳመጫ ምልክት አለባቸው። «ከዚህ መዳመጫ የሚመጣ ጥጥ ከእንግዲህ በዚህ በር አይገባም!» አለ። ሳሙና በትከሻው ላይ አሻግራ ምልክቱን አየችው። ያደገችበት አካባቢ መዳመጫ ነው፤ ወንድሟ ጥጡን የሚያስረክበው እዚያ ነው። ዝራው ያለችውም እሷ ናት። የቀመሰችው የወንድሟን ማሳ ይሁን የጎረቤቱን አላወቀችም።

በእረፍት ቀኗ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። የሦስተኛው ዓመት ጥጥ ማሳው ላይ ቆሟል፤ የታችኛው ፍሬ ሊከፈት ቀናት ቀርተውታል። ወንድሟ ገና ከሩቅ ሲያያት ሚስቱን አስከትሎ፣ እጁን ዘርግቶ መጣ፤ እንደ ሙሽራ አጎት ተኮፍሷል።

«እህት ዓለም! ነይ እስቲ ሥራሽን እይ። አንድ ትል ፈልገሽ ካገኘሽ ከዚህ ማሳ እወጣለሁ። ቅጠሉን ደግሞ እይልኝ፣ ወዙን! እንዴት እንደሚያብለጨልጭ! ጥጋብ ነው ይሄ።»

እውነትም ማሳው ያብለጨልጫል። የፀሐዩ ብርሃን ሲያርፍበት ቅጠሉ ሁሉ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ሳሙና ግን ያንን ብልጭታ ታውቀዋለች፤ ሮለሯ ላይ ያየችው ነው። ከቦርሳዋ የፋብሪካውን ጓንት አወጣች፣ አጠለቀች፣ ትንፋሿን ውጣ አንድ ቅጠል ገለበጠች።

ኤጭ! ከሥሩ ባዶ ቦታ የለም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ጥቁር የሆኑ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ እግራቸው የማይታይ ነገሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ አፋቸውን ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ተክለው ተኝተዋል። አንዳንዶቹ እሷ ፊት ይወልዳሉ። ጉንዳኖች በመሀላቸው ይመላለሳሉ፤ በቀንዳቸው ዳበስ ሲያደርጓቸው ከጫፋቸው አንዲት የጠራች ጠብታ ትወጣለች፣ ጉንዳኑ ይጠጣታል። ወደ ኋላ ሸሸት ስትል ክንዷ ሌላውን ተክል ነካው፤ ከዚያ ደግሞ ደቃቅ ነጭ ነገር እንደ አመድ ቡን ብሎ ፊቷ ላይ አረፈ። ቅንድቧ ላይ፣ ከንፈሯ ላይ። የታችኛው ቅጠል ላይ ያ ጣፋጭ ነገር ሻግቶ እንደ ምድጃ ጥላሸት ጠቁሯል። ሰውነቷን ውርር አደረጋት፤ ወደ ማሳው ዳር ሮጣ አስመለሳት።

ወንድሟ ደነገጠ። «ምን ሆንሽ? መንገዱ ነው?»

«ጋሼ፣ ይሄን አታይም?» ቅጠሉን ቀጥፋ አፍንጫው ሥር ወሰደችለት።

ቅጠሉን ተቀብሎ ክንዱን ዘርግቶ አየው። ወዲያ ወዲህ አደረገው። «አቧራ ነው እኮ» አለ። «መኪና በዚህ ያልፋል።»

«የሚንቀሳቀስ አቧራ?»

ቅጠሉን ይብስ አራቀው። ሳሙና ያኔ ገባት። የወንድሟን ሚስት ዞር ብላ አየቻት፤ ሴትዮዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ሰውዬው ቅርቡን ማየት ካቃተው ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባለት፣ የስልኩን ቁጥር የምትመታለት ሚስቱ ናት። መነጽር ግዛ ስትለው ግን «ገና አምሳ ሳይሞላኝ!» እያለ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ትልማ ትልቅ ነው፣ ጣት ያክላል፣ ለዓይነ ስውርም በጣት ይገኛል። ይሄኛውን ደቃቅ ግን ጨርሶ አይቶት አያውቅም። ዘር ሻጩ ደግሞ «ይሄ ጥጥ መድኃኒቱን በሆዱ ይዟል፤ እርስዎ ቁጭ ይበሉ» ብሎት ሄዷል። እሱም ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ ብነግረው እኮ ይቆጣል» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ።

ሳሙና ቤት ስትደርስ ልብሷን ደጃፍ ላይ አውልቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ወንድሟ ግን እህቱ ማሳው ዳር ስታስመልስ ማየቱ ክብሩን ነካው። በማግስቱ ማንንም ሳያማክር ጎተራ ገባ፤ ከድሮ የተረፈ የመድኃኒት ጣሳ አገኘ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ማንበብ አልቻለም፣ አንብቡልኝ ማለትም ሞት ሆነበት። መርጫውን አዝሎ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አለበሰው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሚስቱ ደወለች። «እትዬ፣ ነይና ጉዱን እይ። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነናል።»

ሳሙና ስትደርስ ማሳው ውስጥ መግባት አልተቻለም። ነጩ ዝንብ ሰው ሲራመድ እንደ ጭስ ይነሳል፤ ሲተነፍሱ አፍንጫ ይገባል። ቅጠሉ ተኮማትሮ ወደ ታች ተጠቅልሏል። መሬቱ ላይ ቀይ ክንፋቸው ነጠብጣብ ያለበት ጥንዚዛዎች በጀርባቸው ተኝተው ደርቀዋል። ልብሷ ተጣበቀ፣ ፀጉሯ ተጣበቀ። ጣሳውን አንስታ አነበበችው፤ የትል መድኃኒት ነው።

«ጋሼ፣ አንብብልኝ» ብላ ሰጠችው።

«ያዢው፣ አሁን ምን ያደርጋል...»

«አንብብ!»

ክንዱን ዘረጋ፣ ዓይኑን አጠበበ፣ ከንፈሩን አነቃነቀ። አንድ ፊደል አልወጣውም። ሳሙና በዚያች ሰዓት ከነፍሳቱ ይልቅ ኩራቱ ቀፈፋት። «ትል የሌለበት ጥጥ ላይ የትል መድኃኒት ረጨህ። ሌላው ሁሉ የሚያየውን ጉድ፣ አንተ መነጽር ማድረግ አፍረህ ሳታይ ቀረህ!» አለችው። ታላቋን እንዲህ ተናግራው አታውቅም። እሱም ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ ያን ቀን ምሳ አብረው አልበሉም።

የግብርና ባለሙያዋን የጠራችው የወንድሟ ሚስት ናት። ረጅም ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት ናት፤ ማሳው ውስጥ ገብታ ወጣችና ሦስቱንም ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው።

«ዘሩ አልዋሸዎትም፣ ጋሼ» አለችው። «ሻጩ ግን ግማሹን አልነገረዎትም። ይህ ጥጥ የሚገድለው ቅጠሉን አኝኮ የሚውጠውን ትል ነው። እነዚህ አያኝኩም። አፋቸው መርፌ ነው፤ የቅጠሉን ጅማት ወግተው ይመጥጣሉ። መርዙ እነሱን የሚጎዳ ዓይነት አይደለም፣ በሚመጥጡት ፈሳሽ ውስጥም ያለው ኢምንት ነው። ድሮ ለትሉ ሲረጩ እነሱም አብረው ይሞቱ ነበር። ርጭቱ ሲቀር፣ ትሉ ሲሞት፣ ማሳው የእነሱ ሆነ።»

«እንግዲያው ስረጭ ለምን አልሞቱም?» አለ ወንድሟ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«መድኃኒቱ የቅጠሉን ጀርባ በደንብ አያገኘውም፤ ብዙዎቹም ለምደውታል። እነሱን የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ግን ጨርሷቸዋል። ጠባቂውን ገድለው ሌባውን ለቀቁት።»

ቀጥላም የሚደረገውን ነገረቻቸው። ያን መድኃኒት ሁለተኛ እንዳይነኩት፤ በጣም የተጎዳውን ዳር ነቅለው እንዲያቃጥሉት፤ አረሙን እንዲያጸዱ፤ የተከፈተው ጥጥ ሳይውል ሳያድር እንዲለቀም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ ሃያ ተክል መርጠው፣ ከየተክሉ ሦስት ቅጠል ገልብጠው፣ ያለውን ነፍሳት ቆጥረው እንዲነግሯት፤ ቁጥሩ ከልክ ካለፈ ብቻ የሚረጨውን እሷ ትነግራቸዋለች። «ዋናው መገልበጡ ነው» አለች። «ከላይ ያየ ሰው ምንም አላየም።»

ማን ይገልብጥ? ወንድሟ አያይም። ሚስቱ ብቻዋን አረሙን፣ ለቀማውን፣ ቤቱን ይዛለች። ሳሙና ጥላው ሥር ተቀምጣ እጇን አየች። ሦስት ሳምንት የዓመት ፈቃድ አላት፤ ሐሳቧ ቤቷን ቀለም ልትቀባበት ነበር።

«እኔ እገለብጣለሁ» አለች።

ያንን ሦስት ሳምንት ሳሙና ለማንም አትመኝም። ፀጉሯን በሻሽ ጠምጥማ፣ አፍንጫና አፏን ሸፍና፣ ጓንቷን እስከ ክርን ስባ ትገባለች። ቅጠል ትገለብጣለች፤ ትቆጥራለች፤ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ የወንድሟ ሚስት ደብተር ላይ ትጽፋለች። መቁጠር ደግሞ ማየት ብቻ አይደለም፣ ትኩር ብሎ ማየት ነው። የነፉ ሆዶችን፣ የተጣሉ ነጫጭ ቆዳዎችን፣ ተርብ እንቁላል ጥሎበት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ የደረቀውን ሬሳ ሁሉ ታያለች። ባለሙያዋ ይህኛው ሬሳ መልካም ምልክት ነው ብላታለች፤ ለሳሙና ሆድ ግን መልካም ሬሳ የሚባል የለም። በአሥረኛው ቀን አንዲት ጥንዚዛ አገኘች፤ ክሽክሹን በአፏ ይዛ እንደ ቆሎ ስትቆረጥመው ቆማ አየቻት። «እሰይ! ብይው! ጨርሽው!» አለች፤ ወዲያው ደግሞ አረንጓዴው ጭማቂ ሲፈነጠቅ ታያትና ዓይኗን ጨፈነች።

ምግብ አልገባ ብሏት ከሳች። ወንድሟ ከማሳው ዳር ቆሞ ያያታል። ስትጎነበስ፣ ሲዘገንናት፣ ሮጣ ወጥታ ስትተፋ፣ አፏን ጠርጋ ስትመለስ ያያል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ጥቁር ክፈፍ ያለው መነጽር አፍንጫው ላይ ነበር። በቀጥታ ማሳው ገባ፤ እህቱ አጠገብ ቆሞ አንድ ቅጠል ገለበጠ።

ቅጠሉን አቀረበው፣ አራቀው፣ እንደገና አቀረበው። ከዚያ እንደ ፍም ከእጁ ጣለው፤ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አሁንም ጠረገ።

«ይሄ... ይሄ ሁሉ... በእጄ ስዳብሰው የከረምኩት ይሄን ነው?»

«እሱን ነው።»

«እዚሁ ማሳ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዳቦዬን የበላሁት?»

«እዚሁ መሀሉ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ማታም እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ። ሚስቱ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጓዳ ገባች። ሳሙና ግን አልሳቀችም፤ ውሃውን ያፈሰሰችለት እሷ ናት። «ይቅር በይኝ» አላት፣ ቀና ሳይል። «ምኑን?» አለች እሷም፣ ነገሩን እንዳያስረዝመው።

የዚያ ዓመት ጥጥ እንዳልነበረ አልሆነም፤ መልካምም አልሆነም። መጀመሪያ የተለቀመው ይጣበቅ ስለነበር መዳመጫው ለይቶ ዝቅተኛ ደረጃ ሰጠው። ጥንዚዛዎቹ ከተመለሱና አንድ ጊዜ በልኩ ከተረጨ በኋላ የተከፈተው ግን በጊዜው ስለተለቀመ ንጹሕ ነበር። ምርቱ እንዳለቀ አሮጌውን ግንድ ነቅለው አቃጠሉት። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ዘር መልሰው ዘሩ፤ ትሉስ በእርግጥ አይነካውማ። ወንድሟ ግን ከዚያ ወዲህ ሻጭ ያለውን ሁሉ በግማሹ ነው የሚሰማው፤ ሌላውን ግማሽ ቅጠል ገልብጦ ይጠይቃል።

ባለሙያዋ ሳሙናን የቅጠሉን ቆጠራ ለአካባቢው ገበሬዎች እንድታሳያቸው ለመነቻት። «ጸያፍ ነገር አላስተምርም» ብላ ሁለት ጊዜ እምቢ አለች፤ በሦስተኛው ሄደች። አርባ የሚሆኑ ሰዎች ማሳ ዳር ተሰብስበው ስታይ ንግግር አልለመደችምና ቃል ጠፋት። «ገልብጡ» አለች በመጨረሻ። «ሁላችሁም አንዳንድ ቅጠል ገልብጡ።»

ገለበጡ። ከመሀላቸው አንዱ ጎልማሳ «ውይ!» ብሎ እጁን ሲያራግፍ፣ ሌላው ሲተፋ፣ አንዲት እናት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ስታደርግ፣ ሳሙና ታያቸው ነበር። አንድ ሰውዬ ቅጠሉን እንደያዘ ቀና ብሎ፣ «ለመሆኑ አንቺ ለመድሽው?» አላት።

«አልለመድኩትም» አለች። «አንተም እንዳትለምደው።»